«አንድ ጊዜ ብቻ» የሚባለው መድኃኒት፤ ለስንት ጊዜ?

በዚህ ገጽ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ፕሬስ ነፃነት፣ ስለ ኤፍ ኤም ሬዲዮ አቅራቢዎች አማርኛ፣ አልፎ አልፎም ስለ ካፌው ሰልፍ ነው። እኔ ዛሬ ይዤ የቀረብኩት ስለ ቫይረስ ነው። ገጹን ለመግለጥ እጃችሁን ያነሳችሁ ወዳጆቼ ትንሽ ታገሡኝ፤ ነገሩ ዞሮ ዞሮ ወደኛው ሙያ ይመጣል።

ሬዲዮኑም ቴሌቪዥኑም፣ በተለይ ደግሞ ማኅበራዊ ሚዲያው፣ በየጊዜው «በአንድ መርፌ ከነጭራሹ የሚፈውስ መድኃኒት ተገኘ» ዓይነት ዜና ያመጣልናል። ዋጋውም አብሮ ይነገራል፤ ዋጋው ነዋ ዜናው! 2 ሚሊዮን ዶላር፣ 3 ሚሊዮን ዶላር። አንባቢው «ጉድ!» ይላል፣ ለጓደኛው ይልካል፣ አለቀ። እኔ ግን እነዚህን ዜናዎች ባነበብኩ ቁጥር አንድ ነገር ይጎድለኛል። የገባው ጂን ሴሉ ውስጥ የት ነው የሚቀመጠው? ለምን ያህል ጊዜስ ይቆያል? ብሎ ጠይቆ የጻፈ የአገራችን ዘጋቢ እስካሁን አልገጠመኝም። በበኩሌ ይህ ጥያቄ ያልተነሳበት የጂን ሕክምና ዜና፣ ዜና ሳይሆን ያልተከፈለበት ማስታወቂያ ነው ባይ ነኝ።

እስቲ ነገሩን ከሥሩ እንየው። የጂን ሕክምና ማለት በአጭሩ የተበላሸ ወይም የጎደለ ጂን ላለበት ሰው ደህናውን ቅጂ ሴሎቹ ውስጥ ማስገባት ነው። ሴል ደግሞ ለመጣ ሁሉ በሩን አይከፍትም። ሰተት ብሎ መግባት የሚያውቅበት ቫይረስ ነው። ስለዚህ ሳይንቲስቶች ቫይረሱን ይይዙና የሚራባበትን ጂን አውጥተው በምትኩ የሚፈለገውን ጂን ይጭኑበታል። ይህ ጭነት አድራሽ ቫይረስ «ቬክተር» ይባላል። እስከዚህ ድረስ ያለውን ብዙ ዜና ይነግረናል። ጭነቱ ከደረሰ በኋላ ምን እንደሚሆን ግን የሚነግረን የለም።

የመዝገብ ቤት ምሳሌ ላምጣ፤ መቼም መዝገብ ቤት ተንከራቶ የማያውቅ በመካከላችን የለም። ክሮሞሶም ማለት የተጠረዘው ትልቁ መዝገብ ነው። ሴል ለሁለት ሲከፈል መዝገቡ ከዳር እስከ ዳር ይገለበጥና ለሁለቱ ልጆች አንድ አንድ ቅጂ ይደርሳቸዋል። እንግዲህ በቬክተር የመጣ ጂን ሁለት ዓይነት ዕጣ አለው። ወይ መዝገቡ ውስጥ ገብቶ ይጻፋል፤ ወይ ደግሞ በብጣሽ ወረቀት ላይ እንዳለ በገጾቹ መሃል ይሸጎጣል። መዝገቡ ውስጥ የተጻፈው፣ መዝገቡ በተገለበጠ ቁጥር አብሮ ይገለበጣል፤ ሴሉ ሺህ ጊዜ ቢከፈልም ይቀጥላል። ብጣሹን ግን በግልበጣው ጊዜ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ከሁለቱ ልጆች ለአንደኛው ይደርሰዋል፣ ወይም እዚያው ይጠፋል። ባለሙያዎቹ ይህን ብጣሽ «ኤፒዞም» ይሉታል።

መዝገብ ውስጥ መጻፍ የሚያውቁበት ሬትሮ ቫይረሶች ናቸው። ከነሱ አንዱን ደግሞ እኛ አገር የማያውቀው የለም፤ ኤች አይ ቪ ነው። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. ወዲህ «መድኃኒቱ አይቋረጥም» የሚለውን ምክር ሕፃን አዋቂው ሲሰማው አድጓል። ለምን አይቋረጥም? ቫይረሱ ለረጅም ዘመን በሚኖሩ አንዳንድ የመከላከያ ሴሎች መዝገብ ውስጥ ተጽፎ ስለሚቀመጥ ነው። መድኃኒቱ እንዳይራባ ያግደዋል እንጂ የተጻፈውን አይፍቀውም። ሲቋረጥ በሳምንታት ውስጥ ይነሳል። እኛን ይህን ያህል ዘመን ያስለቀሰን ይህ ባሕርይ ነው እንግዲህ በሌላ ቦታ መሣሪያ የሆነው። ዛሬ በሕክምና ላይ የዋሉት ሌንቲ ቫይረስ የሚባሉት ቬክተሮች በአብዛኛው ከኤች አይ ቪ የተሠሩ ናቸው፤ በሽታ የሚያመጣውና የሚራባበት ክፍል ወጥቶ፣ የመጻፍ ችሎታው ብቻ ቀርቶ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 በፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የደም ካንሰር ሕሙማን የራሳቸው ቲ-ሴል ተወስዶ፣ በሌንቲ ቫይረስ አዲስ ጂን ተጽፎበት ተመልሶ ተሰጣቸው። ከመካከላቸው የሁለቱ ሴሎች ከ10 ዓመት በላይ ቆይተው አሁንም በደማቸው ውስጥ እንደሚገኙ በ2022 ኔቸር በተባለው መጽሔት ታትሟል። አሥር ዓመት!

ይሁንና መዝገብ ውስጥ መጻፍ ጣጣ አለው። የት ገጽ ላይ እንደሚጻፍ በትክክል ማዘዝ አይቻልም። ከ1999 ጀምሮ በፓሪስ ኔከር ሆስፒታል አሌን ፊሸርና ማሪና ካቫዛና ያለ በሽታ መከላከያ የተወለዱ ወንድ ሕፃናትን በሬትሮ ቫይረስ ማከም ጀመሩ። ከተዘጋ ክፍል ወጥተው መኖር የማይችሉ ሕፃናት ከሌሎች ልጆች ጋር ለመጫወት በቁ። ዓለም አጨበጨበ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ ግን በፓሪስና ተመሳሳዩ ሕክምና በተሰጠበት በለንደን ከታከሙት 20 ልጆች መካከል 5ቱን ሉኬሚያ ያዛቸው፣ አንዱም ሞተ። ምክንያቱ ሲጣራ፣ በአብዛኞቹ ቬክተሩ ራሱን የጻፈው ኤልኤምኦ2 ከሚባል ጂን አጠገብ ሆኖ ተገኘ። ያ ጂን ተዘግቶ መቀመጥ የነበረበት ገጽ ነው፤ ቬክተሩ ከፈተው። ከዚያ ወዲህ ቬክተሮቹ ብዙ ተሻሽለዋል፤ ነገር ግን ጉዳዩ ተዘጋ ማለት አይደለም። አድሬኖሉኮዲስትሮፊ ለሚባለው የአንጎል በሽታ በ2022 በአሜሪካ የተፈቀደው ስካይሶና በሌንቲ ቫይረስ የሚሠራ ነው። በጥናቶቹ ከታከሙት 67 ልጆች 7ቱን የደም ካንሰር እንደያዛቸው በ2024 ተዘግቧል። ያለ ሕክምናው በሽታው ራሱ ገዳይ ነውና ወላጅ የሚመርጠው ከሁለት እሳት ነው።

ለዚህም ነው ብዙ ሰው ፊቱን ወደ ብጣሹ ወረቀት ያዞረው። ኤኤቪ የሚባል ትንሽ ቫይረስ አለ። በ1965 የተገኘው በሌላ ቫይረስ፣ በአዴኖ ቫይረስ፣ ናሙና ውስጥ እንደ ቆሻሻ ተቀላቅሎ ነው፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። በሰው ላይ የሚታወቅ በሽታ አያመጣም። የሚሸከመው ጭነት ግን ትንሽ ነው፤ 4,700 ገደማ የዲኤንኤ ፊደላት ብቻ። ሴሉ ውስጥ ሲገባ ዲኤንኤው ነጠላ ክር ነው። ሴሉ ራሱ ጥንድ ያደርገዋል። ከዚያ የሚገርመው ይመጣል። የሴሉ የጥገና ሠራተኞች የተቆረጠ ዲኤንኤ ያዩ መስሏቸው ጫፍና ጫፉን ይገጥሙታል፤ ክብ ይሆናል። አንዱ ክብ ከሌላው ጋር እየተያያዘ ሰንሰለት የሚሆንበትም ጊዜ አለ። ቀጥሎ ሴሉ የራሱን ዲኤንኤ በሚጠቀልልባቸው ፕሮቲኖች ይጠቀልለዋል። በቃ፣ እንግዳው ቤተኛ ሆነ! ክብ በመሆኑ ጫፉን ይዞ የሚበላው የለም፤ ሴሉ እስካልተከፈለ ድረስ ዓመታት ይቀመጣል።

«ሴሉ እስካልተከፈለ ድረስ» የሚለውን ያዙልኝ። የዓይን ሬቲና ሴሎች በአዋቂነት አይከፈሉም፤ የነርቭ ሴሎችም እንዲሁ። ስለዚህ ብጣሹ የሚጠፋበት አጋጣሚ ጥቂት ነው። በታኅሣሥ 2017 (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ የተፈቀደው ለክስተርና የተባለው የዓይን ሕክምና፣ እንዲሁም በ2019 ዕድሜያቸው ከ2 ዓመት በታች ለሆኑ የጡንቻ መስለል ላለባቸው ሕፃናት የተፈቀደው ዞልጀንስማ በዚሁ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። የመጀመሪያው ለሁለቱ ዓይን 850,000 ዶላር፣ ሁለተኛው 2.125 ሚሊዮን ዶላር ነበር ሲወጡ ዋጋቸው። ጉበት ግን ሌላ ነው። የአዋቂ ሰው ጉበት ሴሎች የሚከፈሉት አልፎ አልፎ ነው፤ የልጅ ጉበት ግን ገና እያደገ ነው። በልጅ ጉበት ውስጥ የገባ ብጣሽ፣ ጉበቱ ባደገ ቁጥር እየሳሳ ይሄዳል።

ይኼ ነገር ከመጽሐፍ ወጥቶ ፊቴ የቆመው ባለፈው ክረምት ነው። በሰፈራችን ደም አለመርጋት፣ ሂሞፊሊያ፣ ያለበት የ12 ዓመት ልጅ ያላቸው እናት አሉ። ልጁ ሲደማ ማርጊያው መድኃኒት እስኪገኝ ድረስ የሚያዩትን አበሳ እሳቸው ያውቁታል። አንድ ቀን ስልካቸውን ይዘው መጡና «አንቺ፣ ጋዜጠኛ ነው የምትማሪው አይደል? እስቲ ይኼን አንብቢልኝ» አሉኝ። «ሂሞፊሊያ ታሪክ ሆነ» ይላል ርዕሱ። ሥሩ ደግሞ የ3.5 ሚሊዮን ዶላር ዋጋ። እንደማይችሉት ያውቃሉ። «የኛ ልጅ ትልቅ ሲሆን ይረክስ ይሆናል፣ አይደል ልጄ? ወይስ ሰው ብንለምን...» አሉኝ። እኔ እስከማውቀው ድረስ የነገርኳቸው ይህን ነው፤ «እትዬ፣ ይኼ መድኃኒት ሲጀመር የተፈቀደው ለአዋቂ ብቻ ነው። ለልጅ አይሰጥም። ዓይነቱም ሂሞፊሊያ ቢ ለሚባለው ነው፤ የሱ የትኛው እንደሆነ ሐኪሙ ነው የሚያውቀው።» ዝም አሉ። ከዚያ «ታዲያ ለምን እንደሱ ብለው አይጽፉም?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዜናውን ደግሜ አነበብኩት፤ «አዋቂ» የሚል ቃል የለበትም፣ ሁለት ዓይነት ሂሞፊሊያ እንዳለም አይናገርም። ልመና ወጥተው ቢሆንስ? በአገራችን ስንት ወላጅ የልጁን ፎቶ ይዞ በየመገናኛ ብዙኃኑ የእርዳታ ጥሪ ያሰማል! ይህችን አንዲት ቃል መጣል ለዘጋቢው የቦታ ጉዳይ ነው፤ ለእናት ግን የቤት ሽያጭ ጉዳይ ሊሆን ይችላል።

«ታሪክ ሆነ» የሚለውንም እንየው። ለሂሞፊሊያ ኤ የተሠራው ሮክታቪያን በ2022 በአውሮፓ፣ በ2023 በአሜሪካ ተፈቀደ፤ ዋጋው 2.9 ሚሊዮን ዶላር። በዋናው ጥናት 134 ወንዶች ታከሙ። የደም ማርጊያው መጠን በመጀመሪያው ዓመት ጥሩ ደረጃ ላይ ደረሰ፤ በሁለተኛው ዓመት መጨረሻ ግን በአማካይ ወደ ግማሹ ገደማ ወረደ። ከዚያም በኋላ መውረዱን ቀጥሏል። ለምን እንደሚወርድ ባለሙያዎቹ አሁንም ይከራከራሉ። የሚጠቀሱ ነገሮች አሉ፤ የፋክተር 8 ጂን ለኤኤቪ በጣም ትልቅ ሆኖ ተቆርጦ እየተጨናነቀ መግባቱ፣ በተፈጥሮ ይህን ፕሮቲን የሚሠሩት ሌሎች ሴሎች ሆነው ሳለ የጉበትን ዋና ሴሎች ማስገደዱ። በታካሚዎች ጉበት ላይ በተደረገ ምርመራ ክብ ክቡ ዲኤንኤ ተገኝቷል፤ ከሰው ሰው የሚለያየው ምን ያህል እንደሚነበብ ነው። መኖርና መሥራት ለየቅል ናቸው ማለት ነው። ብጣሹ በቦታው አለ፤ የሚያነበው ጠፋ።

እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። አምራቹ ኩባንያ በአሜሪካ ለመድኃኒቱ ለከፋዮች ያቀረበው ዋስትና ለ4 ዓመት ነበር። ሻጩ ራሱ በገንዘቡ ሊወራረድበት የደፈረው ለ4 ዓመት ነው፤ እኛ ግን «ለዘለዓለም» ብለን እንጽፋለን! ባልሸጥነው ዕቃ ከባለሱቁ የበለጠ ዋስትና ሰጪ ሆነን ማረፋችን ነው።

ነገሩን ጨለማ ብቻ አድርጌ እንዳላቀርበው ደግሞ ይህን ልበል። ሂሞፊሊያ ቢ ላይ ታሪኩ የተለየ ነው። ከ2010 ጀምሮ ለንደንና ሜምፊስ ያሉ ተመራማሪዎች በኤኤቪ ያከሟቸው 10 ወንዶች ነበሩ። ውጤታቸው በ2025 ሲታተም የተከታተሏቸው ጊዜ መካከለኛው 13 ዓመት ደርሶ ነበር፤ የማርጊያው መጠንም ሳይወርድ ጸንቷል። ተመሳሳይ የቫይረስ ቤተሰብ፣ ያው ጉበት፣ ውጤቱ ግን የሰማይና የምድር ያህል። እንዲህ ያለው ነው ዜና ማለት! አሥር ሰዎች 13 ዓመት ሙሉ ደም እየሰጡ ያስመዘገቡት ቁጥር በአንድ ዓረፍተ ነገር ይነገራል፤ «ተአምር» ከሚለው ቃልም ይበልጣል።

«አንድ ጊዜ ብቻ» የሚለውም ሐረግ ሲነገር ምቾት ይመስላል። እውነቱ ከዚህ ትንሽ ይመራል። ኤኤቪ አንድ ጊዜ ከተሰጠ በኋላ ሰውነት ቫይረሱን ያውቀዋል፣ ፀረ እንግዳ አካል ያመርታል። ሁለተኛ ጊዜ ቢሰጥ ቬክተሩ ሴሉ በር ላይ ሳይደርስ ይያዛል። ስለዚህ ብጣሹ ከሳሳ በኋላ «ድገሙልኝ» ማለት ዛሬ ባለው አሠራር አይቻልም። ከዚያም አልፎ ቫይረሱ በተፈጥሮ የነካቸው ሰዎች ገና ከመነሻው ከሕክምናው ይገለላሉ። መጠኑን ከፍ አድርጎ መስጠትም አደጋ አለው፤ በ2025 ዱሼን ለሚባለው የጡንቻ በሽታ ኤሌቪዲስ የተሰጣቸው ሁለት ወጣቶች ጉበታቸው ሥራ አቁሞ ሞተዋል። እንግዲህ «አንድ ጊዜ ብቻ» ማለት «አንድ ዕድል ብቻ» ማለትም ነው። ዕድሉን መቼ እንደሚጠቀምበት ለሚያሰላ ወላጅ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

አንድ የክፍሌ ልጅ ይህን ሁሉ ሳወራለት «ይኼ ለሐኪም ነው፤ አድማጭ የሚፈልገው ተስፋ ነው» አለኝ። አልስማማም። አድማጭን ንቀን ያቋረጥንበትን ዋጋ በ2013 ዓ.ም. አይተነዋል። የዚያን ዓመት መጋቢት ላይ የኮቪድ ክትባት በአገራችን መሰጠት ሲጀምር እኔ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ክትባቱ አስትራዜኔካ ነበር፤ እሱም ቬክተር ነው፣ በአዴኖ ቫይረስ ላይ የተጫነ ዲኤንኤ። «ዘራችንን ይለውጣል» የሚል ወሬ ሰፈሩን አዳርሶት ነበር። ሬዲዮኑ ምን አለ? «ሐሰት ነው፣ አትስሙ» አለ፣ ወደ ሙዚቃው አለፈ። ለምን ሐሰት እንደሆነ ቢናገር ሁለት ደቂቃ አይወስድበትም ነበር፤ ዲኤንኤው የሴሉ አስኳል ውስጥ ይገባል፣ ብጣሽ ሆኖ ይቀመጣል እንጂ መዝገቡ ውስጥ የሚጽፍበት መሣሪያ የለውም፤ ተቀባዩንም ሴል የሰውነት መከላከያ በጥቂት ጊዜ ያጸዳዋል። እዚያ መቆየት የማይፈለግ ነገር ነው፤ ሥራው መከላከያውን ማስተማርና መሄድ ነው። እንጀራ ጋጋሪዋ አክስቴ ይህን በመዝገብ ቤት ምሳሌ ስነግራት ወዲያው ገባት። «ታዲያ እንዲህ አይሉም?» አለች እሷም። ሰው ሁሉ የሚጠይቀን አንድ ዓይነት ጥያቄ መሆኑ ይገርመኛል።

በሌላ በኩል «ብጣሽ ነውና ምንም አያደርግም» ብሎ ደምድሞ መጻፍም ያው ስንፍና ነው። ከኤኤቪም ጥቂቱ ክፍል መዝገቡ ውስጥ ሾልኮ ይጻፋል። በ2021 በታተመ ጥናት ሂሞፊሊያ የነበረባቸው 9 ውሾች እስከ 10 ዓመት ተከታትለዋቸው፣ በአንዳንዶቹ ጉበት ውስጥ እንዲህ የተጻፈባቸው ሴሎች ተራብተው ተገኝተዋል። ካንሰር አልሆኑም። ግን ተራብተዋል። ሁለቱንም ዓረፍተ ነገሮች አንድ ላይ መጻፍ ነው የኛ ሥራ፤ የመጀመሪያውን ብቻ የጻፈ አድርባይ፣ የሁለተኛውን ብቻ የጻፈ አስፈራሪ ይሆናል።

ለዜና አጻጻፍ ትምህርታችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት፣ መዝገብ ውስጥ በሚጽፉ ቬክተሮች የታከመ ሰው እስከ 15 ዓመት ክትትል ይደረግለታል፤ በኤኤቪ የታከመ ግን እስከ 5 ዓመት። ያን ያህል ገንዘብ የወጣበት ሕክምና በስድስተኛው ዓመት ምን ላይ እንዳለ መመሪያው የሚያስገድደው ሰው የለም ማለት ነው። የምርቃቱ ዕለት ካሜራው ሁሉ እዚያ ነው። በስድስተኛው ዓመት ግን ደውሎ «አሁንም ታያለህ ወይ? አሁንም ደምህ ይረጋል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ዘጋቢ ያስፈልጋል። በሰኔው የምርምር ዘገባ ኮርሳችን ላይ ርዕስ ምረጡ ስንባል እኔ የማስይዘው ይህንኑ ነው፤ አብሮኝ መሥራት የሚፈልግ ካለ የዲፓርትመንቱ ሰሌዳ ላይ ስሜን ያገኘዋል።